የፍየል ዋጋ በስንት ቋንቋ? ለሰሜን ሸዋ ገበያ ድረ ገጽ ስንሠራ

ቀድሞኝ የሠራ ሰው ይህን ጽፎት ቢሆን ኖሮ ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ በቀረልኝ ነበር። የሠራሁት ድረ ገጽ የፍየል፣ የበግ፣ የማሾና የቀይ ሽንኩርት ዋጋ ያሳያል፤ ሻጭና ገዢን ያገናኛል፤ በገበያ ዋዜማ ለተመዘገቡ ሰዎች ዋጋውን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይልካል። ተጠቃሚዎቹ ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር ወርዶ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ሰንበቴ ያሉ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ናቸው።

ቋንቋ ምረጥ ሲባል ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው የሕዝብ ቆጠራ ነው። በ1999 የተካሄደው ቆጠራ በሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ማን እንደሚኖር ይናገራል፤ በዚያ ብቻ ከሄዳችሁ አማርኛ ይበቃል ብላችሁ ትዘጋላችሁ። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ ቁሙና እዩ። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ አንድ ሜዳ ላይ ይገበያያሉ። የሚገዛው ሰው የዞኑ ነዋሪ መሆን የለበትም።

ደግሞም ሰው የሚከራከርበት ቋንቋና የሚያነብበት ቋንቋ ይለያያሉ። በአማርኛ አቀላጥፎ ዋጋ የሚቆርጥ የጂሌ ጥሙጋ (ሰንበቴ ያለችበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወረዳ) ወጣት የተማረው በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ስለሆነ የግዕዝ ፊደል ላያነብ ይችላል። ስለዚህ «አማርኛ ትችላለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም «እችላለሁ» ይላል። አንድ የዋጋ መስመር በየቋንቋው በወረቀት አትሙ፣ ስጡት፣ «ስንት ይላል?» በሉት። ቁጥሩን ብቻ የሚያይና ዓረፍተ ነገሩን የሚያነብ ወዲያው ይለያሉ። ከየአካባቢው ዐሥር ዐሥር ሰው በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መልሱ አይለወጥም።

በዚህ መንገድ የደረስኩበት ምርጫ ይህ ነው፦ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ሙሉ በሙሉ፣ አፋርኛ በድምፅ፣ እንግሊዝኛ ለማሾ ላኪዎች አንድ ገጽ ብቻ። አርጎብኛን በጽሑፍ አላካተትኩም። በዚህ ገበያ ያሉ የአርጎባ ነጋዴዎች አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ያነባሉ፣ ብዙዎቹም ሁለቱንም ይናገራሉ። ቋንቋው ክብር ይገባዋል፤ ክብሩን ግን ግማሹ ባልተተረጎመ ገጽ መስጠት አይቻልም።

ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር የተጋጨሁት እዚህ ላይ ነው። በ2012 የሚኒስትሮች ምክር ቤት አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌደራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ የወሰነውን ጠቅሰው፣ ድረ ገጹ በአምስቱም በአንድ ቀን ካልወጣ አይውጣ አሉ። ውሳኔው ስለ ፌደራል መንግሥት ሥራ ነው፤ ሰንበቴ ላይ ፍየል የሚገዛ ሰው የሚያነበውን አይወስንም። አንድ ቋንቋ ጨመራችሁ ማለት ገጹን ብቻ ጨመራችሁ ማለት አይደለም። የስህተት መልእክቱ፣ የይለፍ ቃል መልእክቱ፣ ደረሰኙ፣ ስልክ የሚያነሳው ሰው ሁሉ በዚያ ቋንቋ መኖር አለበት። በአፋን ኦሮሞ ተመዝግቦ ሲደውል በአማርኛ የሚመልሱለት ሰው ሁለተኛ አይመለስም። ሁለት ቋንቋ እስከ መጨረሻው መሥራት አምስት ቋንቋ ከመጀመር ይሻላል፤ ይህን ደጋግሜ ብነግራቸውም የሰማኝ የለም።

ቀሪው ሥራ ቀላል ነው። በገጹ ኮድ ውስጥ የሚገባው የቋንቋ መለያ ለአማርኛ «ኤ ኤም»፣ ለአፋን ኦሮሞ «ኦ ኤም»፣ ለአፋርኛ «ኤ ኤ» ነው። በቋንቋ መቀየሪያው ላይ ባንዲራ አታስቀምጡ፤ እያንዳንዱን ስም በራሱ ፊደል ጻፉ፣ ከገጹ አናት ላይ አድርጉት። የስልኩን ቋንቋ አይታችሁ አትገምቱ፤ አንድም የእንግሊዝኛ ገጽ የማያነብ ሰው ስልኩ በእንግሊዝኛ ተሞልቶ ነው የሚመጣው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ በእኛ ሰዓት ይሁን። ለግዕዝ ፊደል የመስመሩን ከፍታ ከላቲኑ ትንሽ ሰፋ አድርጉ፤ አለዚያ የላይኛውና የታችኛው መስመር ይነካካሉ።

ያንገበገበኝ የትርጉሙ ጽሑፍ አመጣጥ ነው። «የጸደቀ ትርጉም» ተብሎ በዎርድ ሰነድ ተሰጠኝ። የአማርኛው ክፍል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ባልሆነ አሮጌ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነበር፤ ድረ ገጹ ላይ ሲለጠፍ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። እሱ በመለወጫ ተስተካከለ። የአፋን ኦሮሞው ግን ለዓይን ሙሉ በሙሉ ትክክል ይመስላል፤ ጣጣው የተደበቀው ሁድሃው ውስጥ ነው። ሁድሃ በቁቤ ድምፅ ጉሮሮ ላይ የሚቋረጥበትን ቦታ የሚያሳየው ጭረት ነው። ፍየል፣ ትርፍ፣ ዛሬ የሚሉት ቃላት ሲጻፉ ሁሉም ሁድሃ አላቸው፤ የፍየል ገበያ ድረ ገጽ ላይ በየመስመሩ ይመጣል ማለት ነው። ዎርድ ደግሞ ቀጥ ያለውን ጭረት (') በራሱ ወደ ጠመዝማዛው (’) ይቀይረዋል።

መጀመሪያ የተመታው አጭር መልእክቱ ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አጭር መልእክት እስከ 160 ምልክት ይይዛል፣ ቀጥ ያለው ጭረትም በዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ጠመዝማዛው ግን ለአጭር መልእክት በተመደበው የምልክቶች ሰንጠረዥ ውስጥ የለም። አንድ እንኳን ከገባ ሙሉው መልእክት ወደ ዩኒኮድ ይለወጥና ልኩ 70 ይሆናል፤ ሲቀጣጠል ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል። ባለ 150 ምልክት የዋጋ መልእክት በአንድ ሒሳብ መሄድ ሲገባው በሦስት ይሄዳል። 1,000 ሰው ከተመዘገበ በየገበያው የ3,000 መልእክት ትከፍላላችሁ። አማርኛው ምንጊዜም 70 ስለሆነ ሰላምታውን አውጡ፣ ዋጋውን በአኃዝ ጻፉ፣ ከአንድ መልእክት አታሳልፉ።

ሁለተኛው ፍለጋው ነው። ሰው በስልኩ ቀጥ ያለውን ጭረት ይጽፋል፣ ወይም ጨርሶ ይተወዋል፤ ገጹ ላይ ያለው ጠመዝማዛ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የፍየል ገጽ ሞልቶ ሳለ «ምንም አልተገኘም» ይላል። መፍትሔው ለፍለጋ ብቻ በሚያገለግለው ቅጂ ላይ ሁድሃን በሙሉ ማውጣትና የተደገመን አናባቢ ወደ አንድ ማውረድ፣ ተፈላጊው ቃል ሲጻፍም ያንኑ ማድረግ ነው። በአማርኛውም ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰና ሠን፤ አና ዐን፤ ጸና ፀን ከነዘራቸው አንድ አድርጉ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል። ጠመዝማዛውን ወደ ቀጥታው ስትመልሱት፣ ዋጋውን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚያስገባው የጃቫ (የፕሮግራም ቋንቋ) የመልእክት አቀናባሪ ነጠላውን ጭረት «ከዚህ በኋላ ያለውን እንዳለ ተወው» የሚል ትእዛዝ አድርጎ ይወስደዋል። ጭረቱ ይጠፋል፣ ዋጋው የሚገባበት ቅንፍም ቁጥር ሳይገባበት እንዳለ ይታያል። ነጋዴው ከፍየል ዋጋ ፈንታ ባዶ ቅንፍ ያያል። ዋጋ በሚገባባቸው መስመሮች ሁሉ ጭረቱን ሁለት ጊዜ ጻፉት፤ ሲታይ አንድ ይሆናል። በአማርኛ ስትሞክሩ ይህ ስህተት አይታይም፤ የአፋን ኦሮሞውን ገጽ ከፍቶ የሚያይ ሰው ከሌለ ገበያ ቀን ድረስ ተደብቆ ይቆያል።

ይህን ለማረም ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ፣ የጸደቀ ጽሑፍ ላይ አንዲት ምልክት ብትለወጥ እንደገና ኮሚቴ ይየው የሚል ነበር። ማኅተም የተመታው ለቃሉ እንጂ ለኮምፒውተር ኮዱ አይደለም። ምክሬ ከመመሪያው ይቃረናል፤ ቢሆንም በእርግጠኝነት እላለሁ፦ ጭረቱን በፕሮግራም ለውጡት፣ የተለወጠውን መዝግባችሁ ያዙ፣ ፈቃድ አትጠብቁ። ፈቃድ የሚያስፈልገው ቃል ሲለወጥ ነው። የጸደቀውን ጽሑፍም ከማውጣታችሁ በፊት ለሰንበቴ ወይም ለከሚሴ ነጋዴ አስነብቡት፤ የወሎ አነጋገር ከመማሪያ መጽሐፉ የሚለይበት ቦታ አለ፣ የሚገዛችሁም እሱ ነው።

አሁን ሁለቱም ቋንቋዎች እኩል ይሠራሉ፤ በዚህ እኮራለሁ። የአፋርኛውን ድምፅ በአንድ ቻናል፣ በሰከንድ 16 ኪሎቢት ቅዱ፤ 20 ሰከንድ 40 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል፣ በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል። ቁጥሮችን ለየብቻ ቀድቶ መቀጣጠል አይሆንም፤ ጆሮ ይቆራርጠዋል፣ ዋጋም ያሳስታል። ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ቅዳሜ ማታ የሚያነብ አንድ ተቀጣሪ ይኑራችሁ፤ የዋጋውን ቀን መጀመሪያ ላይ ይናገር፣ ያለፈው ሳምንት ድምፅም እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በራሱ ይጥፋ።