የምህላው ልብስ የታጠበበት ቦይ፦ ከጨፋ ረግረግ የተላከ ምስክርነት

እግዚአብሔር ይመስገን፤ አልሐምዱሊላህ። ይህን ምስክርነት የምንሰጠው የጨፋ ረግረግ የውሃ አባቶች ነን። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ባቲም ሐይቅም ደርሷል፤ የደረሰው ግን ግማሹ ብቻ ነው። «የጨፋ ቅይጦች ሰባት ቀን ጸለዩ፣ ቀንድ አውጣው አለቀ፣ የልጆቻቸው ሆድ ጎደለ» ይባላል። መጸለዩ እውነት ነው፣ ቀንድ አውጣው መሞቱም እውነት ነው። የእንዶዱ ግራምና የአመዱ ጣሳ ግን መንገድ ላይ ከወሬው ስለወደቁ፣ ሰምተው ጸልየው ልጅ የቀበሩ ሰፈሮች አሉ። ስለዚህ የተደረገልንን ከነመጠኑ እንናገራለን።

ለማያውቀን፦ ከጥፋቱ በኋላ የቦርከና ወንዝ ጠባቂ አጥቶ ከሐርቡ እስከ ከሚሴ ያለውን ሜዳ ዋጠው። ጨፋ ድሮም ረግረግ ነበር፤ በበጋ አፋሩም ኦሮሞውም አርጎባውም ከብቱን ይዞ ለሳር የሚወርድበት። አሁን በጋ ከክረምት ውሃ ነው። የምንኖረው በአፈር ጉብታና በፊላ በተረበረበ ቆጥ ላይ ነው። ከሰው ወገን ሌላ የከብት፣ የዝንጀሮ፣ የጅብና የሽመላ ወገን አለን። ወሎ ክርስቲያንና እስላም ተጋብቶ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድርበት አገር ነውና መቀየጡ ብዙም አላስደነገጠንም። ያስጨነቀን ብልሃርዚያው ነው።

በሽታው ከየት እንደሚመጣ ያልገባው ሰው ከዚህ በታች ያለውን ቢሠራም መሃል ላይ ይተወዋል። የታመመ ሰው ሰገራ ውሃ ውስጥ ሲገባ የትሉ እንቁላል ይፈለፈላል። የተፈለፈለው በአንድ ቀን ውስጥ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን ሆዱ ውስጥ ገብቶ አራት አምስት ሳምንት ይራባና ጭራ አውጥቶ በሺዎች ይወጣል፤ ውሃ ውስጥ የቆመ እግር ካገኘም በደቂቃዎች ቆዳውን በስቶ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፦ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ያበጠ ጉበትና ጣፊያ፣ እግሩ ቀጥኖ ሆዱ የተነፋ ልጅ።

ሁሉም ወገን እኩል አይያዝም። የዝንጀሮ ወገን ልክ እንደ ሰው ነው፤ ከጥፋቱ በፊትም የዱር ዝንጀሮ ይህንኑ ትል ይሸከም ነበር። የከብት ወገን ሌላም ጣጣ አለበት፣ ከቄጤማው ጋር የጉበት ትል ይግጣል፤ ያም ከሌላ ዓይነት ቀንድ አውጣ ነው የሚነሳው። የሽመላ ወገን በዚህ ትል አይያዝም፤ እንዲያውም ቀንድ አውጣ ለቅሞ ይበላል። «እነሱ ይጨርሱልን» ያለ ሽማግሌ አልጠፋም። ሽመላ ግን የሚለቅመው ትልልቁን ነው። ጠንቀኛው ደግሞ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ፣ ከጣት ጥፍር የማይሰፋ፣ ከቅጠል ሥር የሚለጠፍ ነው።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በጥፋቱ አለቀ። ያኔ ነው ምህላ የታወጀው። በአንዱ ጉብታ ካህናቱ እግዚኦታውን ያደርሳሉ፣ በሌላው አባገሩ ወዳጃ ተቀምጠው ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እየወረደ ዱአ ያደርጋሉ፤ «አሚን» የሚለው ግን ከሁለቱም ጉብታ ነበር። እንደ ደንቡ ለጸሎት የሚወጣ ሁሉ ነጭ ልብሱን ማጠብ ነበረበት። ሳሙና የለም። የጅብ ወገን በሌሊት ከደሴ በኩል ተሸክሞ ያወረደው አንድ ጆንያ ደረቅ እንዶድ ነበር። የሰፈሩ ነጠላ፣ ጋቢና ጀለቢያ በሙሉ በአንድ በቆመ ቦይ ታጠበ።

በማግስቱ የቦዩ ዳር በቀንድ አውጣ ተሸፍኖ ተገኘ። ሥጋው ወደ ዛጎሉ ተሸማቆ፣ ከአፉ ቀይ ደም ወጥቶ ጭቃውን አቅልሞ ነበር፤ የዚህ ቀንድ አውጣ ደም እንደ ሰው ቀይ ነው። ልብስ ያልታጠበባቸው ቦዮች ውስጥ ያለው ግን በሕይወቱ ይሳባል። አጋጣሚ ነው የሚል ይበል። እኛ የጸሎታችን መልስ ብለን ተቀብለነዋል፤ ለጸሎት ባይሆን ያን ያህል ልብስ በአንድ ቀን በአንድ ቦይ የሚያጥብ ማን ነበር?

ደግሞ ለኢትዮጵያ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ብልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ብዙ የሞተ ቀንድ አውጣ አይተው ነው ምርምሩን የጀመሩት። ለዚህ ሥራም እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። መልሱ ከደጃችን ሳይርቅ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ፍሬው የሚለቀመው አድጎ ጨርሶ ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። የበሰለው ኃይሉ ያንሳል። በደንብ ደርቆ ከእርጥበት ከተጠበቀ ለዓመታት ይቀመጣል። ሲወቀጥ አፍንጫና ዓይን በሻሽ ይሸፈን፤ ብናኙ ማስነጠስ ብቻ ሳይሆን ዓይን ያቃጥላል፣ የጅብ ወገንማ አፍንጫው ስለሚብስበት ወደ ሙቀጫው ባይጠጋ ይመረጣል። ዱቄቱ በወንፊት ከተነፋ በኋላ አንዱ ኪሎ በ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ያድራል። ቀዝቃዛ ያልነው በምክንያት ነው፦ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ነገር የሚወጣው የተወቀጠው ፍሬ ከውሃ ጋር ሲገናኝ በራሱ እርሾ ነው፣ የፈላ ውሃ ያንን እርሾ ይገድለዋል። «ቶሎ እንዲሟሟ» ብሎ ያፈላ ሰው አረፋ ያገኛል፣ የሞተ ቀንድ አውጣ ግን አያገኝም።

መጠኑ ለ1,000 ሊትር ውሃ ከ20 እስከ 30 ግራም ዱቄት ነው። የቦዩን ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት በሜትር ለክታችሁ አባዙት፤ የሚወጣው ቁጥር የስንት ሺህ ሊትር እንደሆነ ይነግራችኋል። 100 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ወርድና 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ 40 ሺህ ሊትር ይይዛል። በ25 ግራም ሲታሰብ አንድ ኪሎ ይበቃዋል። ሚዛን የሌለው ሰፈር አንድ ሲኒ ዱቄት ሚዛን ካለው ዘንድ አስመዝኖ ሲኒው ላይ ምልክት ያድርግበት፣ ከዚያ በኋላ በሲኒ ይቁጠር።

ከመርጨቱ በፊት ሣሩና ቅጠሉ ከቦዩ ይታጨድ። ቀንድ አውጣ የሚበላውም እንቁላሉን የሚለጥፈውም እዚያ ላይ ስለሆነ፣ ያልታጨደ ቦይ ላይ ግማሹ ይደበቃል። ከዚያ የቦዩ ሁለት ጫፍ በጭቃና በፊላ ይደፈን፤ ብጥብጡ በዳርና ዳር እኩል እየተረጨ ይሂድና ውሃው 24 ሰዓት ይቁም። የሚፈስ ውሃ ላይ የሚጨምር ሰው እንዶዱን ለአዋሽ መገበሩ ነው። ሊደፈን የማይችል ከሆነ 20 ሊትር ጄሪካን ደቅናችሁ ስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ቁጠሩ። በ20 ሰከንድ ከሞላ ፍሰቱ በሰከንድ አንድ ሊትር ነው፤ ያችን ትንሽ ፍሰት ቀንና ሌሊት ለማከም በበርሜል ቀዳዳ እየተንጠባጠበ ከ2 ኪሎ በላይ ዱቄት ይሄዳል። ስለዚህ ነው መድፈኑ ላይ የምንደርቀው።

እንዶድ የቀንድ አውጣውን እንቁላል አይገድልም። ኃይሉም ውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ይጠፋል። አንድ ጊዜ ረጭቶ «ተፈወስን» ብሎ የተቀመጠ ሰፈር ከወር በኋላ በአዲስ ጫጩት ተሞልቶ ያገኘዋል፤ ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከመጀመሪያው በሦስተኛው ሳምንት፣ የተፈለፈለው እንቁላል መጣል ሳይጀምር ይደገም። ክረምቱ ጎርፍ ይዞ ሲገባ ከላይ በቅጠል ላይ ተሳፍሮ አዲስ ስለሚመጣ መስከረም ላይ እንደገና።

አሳም ይገድላል። በዚህ ከአሳ አጥማጆቹ ጋር ከባድ ጸብ ተነስቶ አባገሩ ናቸው ያረቁት፤ አምባዛና ቆሮሶ ያለበት ሰፊው ውሃ አይነካም፣ የሚረጨው ሰው የሚቀዳበት፣ የሚያጥብበትና የሚሻገርበት ቦይ ብቻ ነው። በሽታውም የሚይዘው እዚያው ነውና ብዙ አልጎደለብንም። እንዶድ ግን በምንም ምክንያት አይጠጣ። ለኮሶ ትል ወይም ለማስወረድ ብለው የሚጠጡት ሰዎች አሉ፤ የሞቱበት አሉ።

ቀንድ አውጣ መግደል ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ሰገራው ውሃ መንካቱን ካላቆመ አንድ የተረፈ ቀንድ አውጣ ሁሉን መልሶ ያመጣዋል። ረግረግ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም፣ ክንድ ሳይወርድ ውሃ ይወጣል። ስለዚህ መጸዳጃው ከከፍተኛው ጎርፍ ምልክት ግማሽ ሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ፣ ሥሩ በማያፈስ 200 ሊትር በርሜል ይሠራል። ሽንቱ በተለየ ቱቦ ወደ ደረቅ አፈር ይሂድ፤ ከተቀላቀለ ይረጥባል፣ ይሸታል፣ አመዱም አይሠራም። ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ አንድ ጣሳ አመድ። የሞላው በርሜል ተከድኖ አንድ ዓመት ይቀመጥና ለበቆሎው ጉብታ ይወጣል። ለከብት ወገን የመቆሚያው ጣውላ ሰፊና ባለ ጥርስ ይሁን፣ ሰኮና ልሙጥ ጣውላ ላይ ይንሸራተታል፤ የወደቀ ሰው ደግሞ ወደ ፊላው መውጣት ይመርጣል። የዝንጀሮ ወገን ልጆችን በርሜሉ ላይ ማስለመድ ከዚህ ሁሉ ሥራ የከበደው ነው፣ ዛሬም አላለቀም።

ለሚቀዳ ውሃ ሦስት በርሜል ይበቃል። ቀንድ አውጣ እንዳይገባ በነጠላ ተጣርቶ ይሞላል፤ ጭራማው ትል ቆዳ ካላገኘ በ48 ሰዓት ውስጥ ይሞታል። የዛሬው ሲሞላ የትናንቱ ይቆያል፣ የሚቀዳው የከትናንት ወዲያው ነው። ይህ ከብልሃርዚያ ያድናል እንጂ ከታይፎይድና ከአሜባ አያድንም፤ የሚጠጣው ይፍላ። እኛ ዘንድ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ደሴ ያሉ ዘመዶቻችን ግን ከፍታቸው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሦስት ደቂቃ ያቆዩት። ውሃ ውስጥ መግባት ግድ ከሆነ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ይቅር፤ ትሉ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ ነው። እግር ላይ ቅቤ መቀባት ላይ አትመኩ።

መዳናችንን ያየነው እንዲህ ነው። የልጁ ሰገራ ጨው ባለው ውሃ፣ ለአንድ ሊትር 9 ግራም ያህል፣ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ጨው እስካለ እንቁላሉ አይፈለፈልም። ከዚያ ዝቃጩ ንጹሕ ውሃ ወዳለበት ሃይላንድ ይገባል። የጠርሙሱ ሆድ በጥቁር ጨርቅ ይጠቀለላል፣ አንገቱ ብቻ ለፀሐይ ይተዋል። የተፈለፈለው ብርሃን ስለሚወድ ወደ አንገቱ ይወጣል። ከግማሽ ሰዓት ጀምሮ፣ ከጀርባ ጥቁር ነገር ይዞ በማጉያ መነጽር ላየ ሰው፣ ነጫጭ ነጥብ ቀጥ ብሎ ሲዋኝ ይታያል። ወዲያ ወዲህ የሚሽከረከረው ሌላ የውሃ ነፍሳት ነው፣ አይቆጠርም።

ቀድሞ የተያዙት ትልልቆቹ ዛሬም ነጥብ አላቸው። ትሉ ሰውነት ውስጥ ዓመታት ይኖራል፣ እንዶድም አመድም እዚያ አይደርስም፤ ስለ እነሱ ዱአውና ምህላው አልተቋረጠም። ከቦዩ መታጠብ ወዲህ የተወለዱት ልጆች ጠርሙስ ግን ባዶ ነው። የሰውም የዝንጀሮም። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

እንዶድ ረግረጉ ላይ አይበቅልም፣ ደጋና ወይና ደጋ ይፈልጋል። ወንዴና ሴቴ አለው፣ ወንዴው አያፈራም፤ ስለዚህ ለተከላ የሚቆረጠው ፍሬው ከታየበት ነው፣ ለማዳቀያ ጥቂት ወንዴ ተጨምሮ። ከቦሩ ሜዳ በኩል ያስተከልነው አለ። ቁራጭ ፈላጊ ከመንገዱ ዳር ያሉትን የጅብ ወገኖች ይጠይቅ፣ ያሳዩታል፤ ክፍያው አንድ ጆንያ አመድ ነው። አመድ ሁሌም ያጥረናል።