በሰው ሜዳ «ጎል!» ብሎ መጮህ

ባለፈው እሁድ የልጅነት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደወለልኝ። ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ከኋላው አንድ አግዳሚ ላይ የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ማሊያ የለበሱ ልጆች ተጣብቀው ተቀምጠው ይበሻሸቃሉ። የአንዱን ለውዝ ሌላው ይዘግናል። «አንተማ ታድለህ! አገራቸው ገብተህ በየሳምንቱ ስታዲየም ነህ» አለኝ። «በተጋጣሚ ሜዳ ደግሞ መሀላቸው ተቀምጠህ ስታበሽቃቸው ይታየኛል።»

ስቄ አለፍኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን «መሀላቸው ተቀምጠህ» ያለው ነገር ሲከነክነኝ አመሸ። አንድ ጊዜ መሀላቸው ተቀምጫለሁ። እስከ ዛሬ ለአገር ቤት ሰው አልተናገርኩም።

ለንደን ውስጥ አውቶቡስ እነዳለሁ። ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ ከዴፖው አንድ ባልደረባዬ የዓመት ትኬቱን ለአንድ ቀን ሰጠኝ። እሱ የሚደግፈው ክለብ አርሰናልን በሜዳው ሊያስተናግድ ነው። የክለቡን ስም አልጠራም። «ቦታህ በእኛ ሰዎች መሀል ነው፤ ዝም ብለህ ተመልከት» አለኝ። «ዝም ብለህ» ያለውን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። እኔ አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ቆሜ፣ ሚስማር ተራ ፀሐይ አናቴን እየመታኝ ያደግኩ ሰው ነኝ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ፣ ከማላውቀው ሰው ጋር ተቃቅፌ አልቅሻለሁ። ጎል ገብቶ ዝም የሚባል ነገር አላውቅም።

ጨዋታው ሊያልቅ አስር ደቂቃ ግድም ሲቀረው አርሰናል አቻ አደረገ። ብድግ ብዬ፣ ሁለት እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ «ጎል!» አልኩ። ድምፄን ብቻዬን ሰማሁት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል በእኛ በኩል ከእኔ በቀር የሚጮህ አልነበረም። የአርሰናል ደጋፊዎች በሜዳው ሌላኛ ጥግ ናቸው። በእነሱና በባለሜዳዎቹ መካከል ረድፍ ሙሉ ወንበር በጨርቅ ተሸፍኖ ባዶውን ተቀምጧል።

ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ዞረ። አጠገቡ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጁ አለ። አባትየው ምንም አልተናገረም። ልጁ ነው ጣቱን ቀስሮ «ውጣ!» ያለኝ። ከኋላም ከጎንም ተቀበሉት። «ውጣ! ውጣ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። ከላይ የተወረወረ የወረቀት ኩባያ ትከሻዬ ላይ ፈሰሰ። የወተት ሻይ ነው፤ ገና ትኩስ ነበር።

ቢጫ ጃኬት የለበሱ ሁለት አስተናባሪዎች መጡ። አንዷ ክንዴን ይዛ «ለራስህ ደህንነት ነው ጌታዬ» አለችኝ። ጌታዬ ማለቷ የባሰ አመመኝ። ብትሰድበኝ እመልስላት ነበር፤ አክብራ ስታስወጣኝ ግን ምን እላለሁ? ያንን ደረጃ እስክጨርስ ሰው በስልኩ ይቀርጸኛል። በመጨረሻ የብረት በር ተከፈተልኝና ከኋላዬ ተዘጋ። ውጭ ማንም የለም። የተጠበሰ ሽንኩርትና የፖሊስ ፈረስ ፋንድያ ይሸታል። ወዲያው ከውስጥ ምድር የሚያናውጥ ጩኸት ተሰማ። ማን እንዳገባ ያወቅኩት ፌርማታ ቆሜ፣ ከስልኬ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በቆዳዬ ቀለም ይሆን ብዬም አሰብኩ። እንዳልሆነ የገባኝ በማግስቱ ዴፖው ሻይ ቤት ውስጥ ነው።

ስልሳን ያለፉ ሁለት ሾፌሮች አሉን። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም እንጂ በልቤ ሁለቱንም አንቱ ነው የምላቸው። አንደኛው ነጭ እንግሊዛዊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከቡድናቸው ጋር ያልሄዱበት ከተማ የለም። ታሪኬን ስነግራቸው አልሳቁም። ቅንድባቸውን ገለጥ አድርገው ጠባሳ አሳዩኝ። በተሳለ ሳንቲም ነው የተመቱት።

እንዲህ ብለው አስረዱኝ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ከግቡ ጀርባ ያለው መቆሚያ የሰፈሩ ጎረምሶች ግዛት ነበር። የተጋጣሚ ቡድን ጎረምሶች ማሊያ ሳይለብሱ፣ ተመሳስለው ይገቡና መሀሉ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ በአንድ ጊዜ በራሳቸው ክለብ ስም ይጮሃሉ። ያ የጠብ ምልክት ነው። ባለሜዳዎቹን ከቦታቸው ካባረሩ «ያዝነው» ብለው ለዓመታት ይፎክሩበታል። «አንተ ሳታውቅ ያንኑ ምልክት ነው የሰጠኸው» አሉኝ። «በእኔ ጊዜ ቢሆን ደረጃውን በእግርህ አትወርደውም ነበር።»

ደረጃውን በእግሬ መውረዴን እንደ ውለታ ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው።

የለንደኑ ክለብ የዌስትሃም ነውጠኞች ፖሊስ ከሚጠብቃቸው የደጋፊዎች ባቡር ለመሸሽ በመደበኛው ኢንተርሲቲ ባቡር ይጓዙ ነበር። ስማቸውንም ከዚያው ወስደው ኢንተርሲቲ ፈርም፣ በአጭሩ አይሲኤፍ፣ ተባሉ። በደበደቡት ሰው ላይ «እንኳን ደስ ያለህ፤ ከአይሲኤፍ ጋር ተገናኝተሃል» የሚል ካርድ ጥለው ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1985 የሌላው የለንደን ክለብ የሚልዎል ደጋፊዎች ሉተን ሜዳ ላይ ወንበር እየነቀሉ ፖሊስ ላይ ወረወሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት ብራስልስ ሄይዝል ስታዲየም ውስጥ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ወደ ጁቬንቱስ ደጋፊዎች ተንደረደሩ፤ ሲሸሹ ግድግዳ ተደርምሶ 39 ሰው ሞተ። የእንግሊዝ ክለቦች ከአውሮፓ ውድድር ለ5 ዓመት ታገዱ፤ ሊቨርፑል ለ6።

የሂልስቦሮ ስታዲየምን አደጋ ግን ከዚህ ጋር የሚደባልቅ አበሻ ስሰማ ደሜ ይፈላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1989 ሼፊልድ ውስጥ የተጎዱት የሊቨርፑል ደጋፊዎች ረብሻ አላነሱም። ፖሊስ በሩን ከፍቶ ቀድሞ በሞላ መቆሚያ ውስጥ እንዲገቡ አደረገ። ደጋፊ ወደ ሜዳ እንዳይገባ ተብሎ የተተከለው የብረት አጥር መውጫ አሳጣቸው። 97 ሰው አለቀ። «ሰካራሞች ነበሩ» ተብሎ ስማቸው ጠፋ። ጥፋቱ የደጋፊዎቹ እንዳልሆነ ከተራ ዜጎች የተውጣጣ የፍርድ ሸንጎ (ጁሪ) የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ልጁን የቀበረ ወላጅ 27 ዓመት ሙሉ ስም ለማጥራት ተሟገተ። አጥሩ የተነሣውና ትልልቅ ስታዲየሞች በሙሉ ወንበር የሆኑት ከዚያ አደጋ በኋላ ነው።

እኛም ከደሙ ንጹሕ ነን ማለቴ አይደለም። የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ ቀን ስታዲየም ዙሪያ ድንጋይ ሲዘንብ አይቻለሁ። በ2010 ዓ.ም. ዳኛ ሜዳ ውስጥ ተደብድቦ ፕሪሚየር ሊጋችን እስከ መቋረጥ ደርሷል። የእኛ ደግሞ ከሰፈር ፉክክር አልፎ ብሔር ሲገባበት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። እንግሊዞቹ በሕግና በካሜራ አሰሩት። እኛ ገና «የስፖርት ጨዋነት» የሚል ባነር እየሰቀልን ነው።

እናንተ ለትምህርትም ለሥራም ወደዚህ የምትመጡ ልጆች፣ ኳሱን ተመልከቱት፤ እንደ እሱ ያለ ነገር የለም። ግን ትኬት ከማታውቁት ሰው በኢንተርኔት አትግዙ። ያለፈቃድ የእግር ኳስ ትኬት መሸጥ እዚህ ወንጀል ነው፤ ብዙ አበሻ ገንዘቡን ተበልቶ በር ላይ ቀርቷል። የቡድናችሁን ከሜዳ ውጭ ጨዋታ ማየት ከፈለጋችሁ ከራሳችሁ ደጋፊዎች ጋር ግቡ። በፕሪሚየር ሊጉ የእንግዳ ደጋፊ ትኬት ከ30 ፓውንድ አይበልጥም። ችግሩ፣ ትኬቱ ቀድሞ የሚደርሰው ቡድኑን ለዓመታት በየከተማው ለተከተሉት ነው፤ ተራችሁን ጠብቁ። በደስታም ቢሆን ሜዳ ውስጥ እንዳትገቡ። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሕግ ያስከስሳል። ያገሩ ልጅ ተቀጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል። እናንተ ግን የመኖሪያ ወረቀት በምትጠይቁበት ቀን ያ መዝገብ ይወጣል። ለአንድ ጎል ብላችሁ የእናታችሁን ተስፋ አታስይዙ።

ሁለተኛው ሽማግሌ ያን ቀን አጠገባችን ተቀምጠው ዝም ብለው ሻያቸውን ያማስሉ ነበር። ወላጆቻቸው ከጃማይካ የመጡ ናቸው። ያደጉት እኔ ከወጣሁበት ስታዲየም ሁለት መንገድ ርቆ ነው። አንድም ቀን ግን ገብተው አያውቁም። በልጅነታቸው ናሽናል ፍሮንት የሚባለው ዘረኛ ፓርቲ በየስታዲየሙ በር ላይ ጋዜጣውን ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 በኤቨርተን ሜዳ ላይ የሊቨርፑሉ ጆን ባርንስ የተወረወረበትን ሙዝ በተረከዙ ሲመታ የሚያሳየውን ፎቶ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ተጫዋቹ ላይ ሙዝ ከተወረወረ፣ በር ላይ የሚጠብቀው ጥቁር ልጅ ምን ይገጥመው ነበር? እናታቸው ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ሰብስበው መስኮት ይዘጉ ነበር። እሳቸው ስንት ጎል እንደገባ ከግድግዳው ጀርባ በጩኸቱ ይቆጥራሉ።

እኔ ስለ አንድ ደረጃ ሳማርር እሳቸው ይህን ሁሉ ይዘው ዝም ብለዋል። አፈርኩ።

«አሁን እኮ ተለውጧል፤ ትኬት ልፈልግና አብረን እንግባ» አልኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አሁንም የሚኖሩት እዚያው የእናታቸው ቤት ነው።

«ተወው የኔ ልጅ» አሉኝ። «አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮቱን እከፍተዋለሁ።»