የጅማው አኳሪየሜ፦ መጀመሪያ ጀርባው፣ ከዚያ ተክሉ

አኳሪየሙ ውሃ ከያዘ ወራት አልፈዋል። ተክሎቹ ሥር ይዘዋል፣ ከኋላው መስታወት ላይ የሚለጠፈው ወይም የሚቀባው ጀርባ ነገርም ለይቶለታል። እንደ ጅማ ቀዝቀዝ ባለ ከተማ ሆናችሁ ተክል ያለው አኳሪየም ለመሥራት ካሰባችሁ፣ እስካሁን ያየሁትንና የወሰንኩትን እነሆ።

መስታወቱ 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 35 ስፋት፣ 40 ከፍታ አለው። እስከ አፉ ሲሞላ 112 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻ ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ አሸዋና ድንጋይ ሲጨመርበት ከግድግዳው ፈቀቅ ማድረግ የማይታሰብ ይሆናል። ለዚህ ነው ጀርባው ከሁሉም በፊት መወሰን ያለበት። ብዙ ሰው ዓሣውንና ተክሉን አስገብቶ ከጨረሰ በኋላ ነው «ከኋላ ምን ልለጥፍ?» የሚለው። ያኔ እጅ እንኳ አይገባም።

ከተማችን ውስጥ ባነር የሚያትሙ ቤቶች የፈለጋችሁትን ሥዕል ያትሙላችኋል። ኮራል ያለበት የባሕር ሥዕል ብዙ ሰው ይወዳል። እኔ ግን ለተክል አኳሪየም አልመርጠውም። ኮራል የጨው ውሃ ነው፤ ከፊቱ ጨው የሌለው ውሃ ተክል ሲቆም አይስማሙም። ዋናው ችግር ደግሞ ሥዕሉ ከተክሉ ጋር መሻማቱ ነው። ቀጫጭን ቅጠሎች ከኋላቸው በሚዥጎረጎር ቀለም ውስጥ ይጠፋሉ። ሰማያዊ ጀርባ ጥልቀት ይሰጣል፣ ግን ተክሉ ገና ትንሽ ሳለ ባዶነቱን ያጎላዋል። ከፎምና ከሲሚንቶ የሚሠራው የድንጋይ ግድግዳ ያምራል። ነገር ግን ሲሚንቶው በደንብ ካልተዘፈዘፈ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነቱን መለኪያ ቁጥር) ከፍ ያደርጋል፣ 35 ሴንቲ ስፋት ካለው መስታወት ላይም ቦታ ይበላል።

የእኔ ምርጫ ጥቁር ነው። አረንጓዴው ወጥቶ ይታያል፣ የፊልተሩ ቱቦና የሂተሩ ገመድ ከዓይን ይጠፋሉ። ብዙ ዓሦችም ዙሪያቸው ጨለም ሲል ቀለማቸው ይደምቃል፤ ጋፒ የሚባሉት ትናንሽ ዓሦቼ ጭራ ላይ ልዩነቱን አይቼዋለሁ።

የቀባሁት ከውጭ በኩል፣ በማያብረቀርቅ ውሃ ወለድ ጥቁር ቀለም ነው። መስታወቱን መጀመሪያ በአልኮል ጠረግሁት፤ ቅባት ካለ ቀለሙ አይዝም። በሮለር ስስ አድርጎ መቀባት፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ሁለተኛውን በአግድም መድገም። የመጀመሪያው ዙር ወደ ብርሃን ሲያዩት ወንፊት ይመስላል፣ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሦስተኛው ላይ ብርሃን ማስገባቱን ያቆማል። ቀለም የማትፈልጉ ጥቁር ላስቲክ መለጠፍ ትችላላችሁ። ግን በደረቁ በፕላስተር ብቻ ከያዛችሁት፣ መስታወቱን ያልነካው ቦታ ሁሉ እንደ ብር እያብለጨለጨ ይታያል። በመስታወቱና በላስቲኩ መሃል ግሊሰሪን በስሱ ቀቡና በካርድ አየሩን ገፍታችሁ አውጡት። ግሊሰሪን ከየትኛውም መድኃኒት ቤት ይገኛል።

ወደ ተክሉ እንምጣ። እዚህ ላይ ውበት ሁለተኛ ነው፤ መጀመሪያ የሚታየው ሙቀት ነው። ስለ አኳሪየም የሚጻፈው አብዛኛው ምክር ውሃው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚነሳው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ ላይ ቴርሞሜትሩ ሂተር በሌለው ባልዲ ውስጥ 19 ሲል አይቻለሁ። ሂተር አለኝ፣ ለዓሦቹ ስል 23 ላይ አድርጌዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ግን ሂተሩም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የመረጥኳቸው ተክሎች ሌሊት ውሃው ቢቀዘቅዝም ችለው የሚያድሩትን ነው።

ከኋላ በኩል፣ ጥቁሩን ተደግፎ የቆመው ቫሊስኔሪያ ነው። ረጅም ጥብጣብ የመሰለ ቅጠል አለው፤ ውሃው አፍ ሲደርስ ይታጠፍና በፊልተሩ ሞገድ ይወዛወዛል። ሲተከል ነጩ አንገት ከአሸዋው በላይ መቅረት አለበት፣ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ከተስማማው በአሸዋው ሥር ሐረግ እየላከ ራሱ ይራባል። እኔ ጋ ከቀኝ ጥግ ጀምሮ አሁን መሃል ደርሷል።

ሥሩን የሚመግብለት ያው የጅማ ቀይ አፈር ነው። አፈራችን ቀይ የሆነው በያዘው ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ የውሃ ውስጥ ተክል የሚፈልገው ነገር ነው። ማዳበሪያም መድኃኒትም ካልነካው ቦታ፣ ከላዩ ሳይሆን ቆፈር አድርጌ ወሰድሁ። በውሃ ለውሼ የሽንብራ ፍሬ የሚያህሉ ድብልብሎች ሠራሁና በደንብ አደረቅኋቸው። እያንዳንዱን በጣቴ ይዤ ቀስ ብዬ ከሥሩ አጠገብ ወደ አሸዋው ውስጥ ገፋሁት። ላዩ በአሸዋ እስከተሸፈነ ድረስ ውሃው አይደፈርስም። አሸዋውን አስቀድማችሁ በአቼቶ ፈትኑት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ይቅርባችሁ።

ከፊት ለፊት የቡና ግንድ አለ። ገበሬዎች ያረጀ ቡና ሲጎነድሉ የሚተርፈው ደረቅ ጉቶ ጠንካራና ቅርንጫፉም ጠማማ ነው። ልጣጩን ልጬ፣ ቀቅዬ፣ ውሃው መጥቆሩን እስኪተው ዘፈዘፍሁት። ላዩ ላይ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን በጥቁር ክር አስሬያለሁ። ሁለቱም አግድም የሚሄደው ወፍራም ግንዳቸው አሸዋ ውስጥ መግባት የለበትም። አኑቢያስ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ነው፤ ዘገምተኛ ነው፣ ግን ብዙ ብርሃን አይጠይቅም። አዲስ ቅጠሉ ሲወጣ እንደ ቀንድ ተጠቅልሎ ነው። ሲዘረጋ ብርሃን የሚያሳልፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይጠቁራል። ይህን ቁጭ ብሎ ማየት በጣም ደስ ይለኛል።

ከአዲስ አበባ የሚመጡ ተክሎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ቢሟሟ አትደንግጡ። ብዙዎቹ የሚያድጉት ከውሃ ውጭ፣ እርጥብ አየር ውስጥ ነው። የአየር ቅጠላቸውን ጥለው የውሃ ቅጠል ያወጣሉ። ሥሩ ጠንካራ ከሆነ ተዉት።

አንዳንዶቻችሁ ከቦዬ ረግረግ ለምን አላመጣህም ብላችሁኛል። ቦዬ ጉማሬ የሚኖርበት ውሃ መሆኑን ልተወውና፣ የኔ ስጋት ቢልሃርዝያ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈው ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣ በአካባቢያችን ውሃዎች አለ። በባዶ እግርና በባዶ እጅ መግባት ጤናን መጣል ነው። ከየትም ይምጣ፣ አዲስ ተክል ዓሣ በሌለበት ባልዲ ውስጥ ለብቻው መቆየት አለበት። እንደ አኑቢያስ ያለውን ጠንካራ ተክል አንድ እጅ በረኪና ለ19 እጅ ውሃ ደባልቆ ለሁለት ደቂቃ መንከርና ብዙ ጊዜ ማለቅለቅ ይቻላል። ቫሊስኔሪያና ሞስ ግን አይችሉትም።

እምቦጭን ደግሞ አበባው ቢያምርም ከቤት አታስገቡ። ጣናን ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። የምትቆርጡትን ትርፍ ተክልም ማንኛውም ይሁን ወደ አዌቱ ወንዝ አትጣሉ። አድርቃችሁ ለጓሮ አትክልት ስጡት።

መብራቱ በታይመር በቀን ሰባት ሰዓት ይበራል። ብርሃን ሲበዛ አልጌው ይቀድማል። የኋላው መስታወት ላይ የሚበቅለውን ስስ አልጌ አልፍቀውም፤ ጋፒዎቹ ይለቅሙታል፣ በጥቁሩ ላይም አይታይም።

የሚቀጥለው ሥራ የግራው ጥግ ነው። እዚያ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ቡናማ ክሪፕቶኮሪን ልሞክር አስቤያለሁ። በ20 ዲግሪ አካባቢ ያሳደጋችሁት ካላችሁ ንገሩኝ። የቫሊስኔሪያ ችግኝ የሚፈልግ ጅማ ያለ ሰው ካለ ደግሞ ይምጣ፣ ሐረጉን ቆርጬ እሰጣለሁ።