ኮሚሽን ማስላት የተማርኩባቸው ወራት

መርካቶ ውስጥ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ የሚያከፋፍል መደብር ሒሳብ ስይዝ፣ ኮሚሽን የአምስት ደቂቃ ሥራ መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ወር አንዱ ሴልሳችን የ690,000 ብር ደረሰኝ አስገባ። ኮሚሽኑ 2 ከመቶ ስለሆነ 13,800 ብር ብዬ ጻፍኩ።

ባለቤቱ ወረቀቱን አዩና "ልጄ፣ ይሄ እኮ ቫት አለበት። በመንግሥት ገንዘብ ላይ ኮሚሽን እንከፍላለን እንዴ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቶሎ ብዬ ከ690,000 ላይ 15 ከመቶ ቀነስኩ፤ 586,500 መጣ። ይሄም ስህተት ነው። ቫቱ የተጨመረው በዋናው ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ ለማውጣት ለ1.15 ማካፈል ነው። 690,000 ለ1.15 ሲካፈል 600,000 ይሆናል። የ600,000 15 ከመቶ 90,000 ነው፤ ሲደመር 690,000፣ ልክ ይገጥማል። ኮሚሽኑ 12,000 ብር ሆነ። በእኔ ቅነሳ ቢሄድ ልጁ 270 ብር ይቀርበት ነበር።

ከባዱ የመጣው በኋላ ነው። ባለቤቱ ሴልሶቹን ለማበረታታት "እስከ 400,000 ብር 2 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሸጠ 3 ከመቶ" የሚል ደብዳቤ አወጡ። ያው ልጅ እንደገና ከቫት በፊት 600,000 ሸጠ። እኔ የ400,000ው 8,000፣ የቀሪው 200,000 6,000፣ በድምሩ 14,000 ብዬ ሠራሁ። እሱ ግን ሙሉውን በ3 ከመቶ አባዝቶ 18,000 ይጠብቃል።

"እህቴ፣ 4,000 ብሬ የት ገባ?" አለኝ። የቤት ኪራዩን በዚያ ሒሳብ አስቦ ነበር። ደብዳቤውን ደጋግሜ ሳነበው በሁለቱም መንገድ ይነበባል። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ለባለቤቱም ይህንኑ ነገርኳቸው። የዚያን ወር 18,000 ተከፈለው፤ ደብዳቤውም እንደገና ተጻፈ።

3 ከመቶው ከ400,000 በላይ ላለው ብቻ፣ በደረጃ እንዲሆን የተከራከርኩት ግን እኔው ነኝ። ሙሉው በ3 ከመቶ ቢሆን፣ 399,000 የሸጠ 7,980 ብር፣ 401,000 የሸጠ 12,030 ብር ያገኛል። ለ2,000 ብር ሽያጭ ከ4,000 ብር በላይ ልዩነት! እንዲህ ከሆነ ታርጌቱ የማይደርስለት ሰው ደረሰኙን ለሚቀጥለው ወር ያቆየዋል። በደረጃ ሲሠራ 401,000 የሸጠ 8,030 ብር ይወስዳል፤ ደረሰኝ ለማቆየት ያለው ምክንያት በጣም ይቀንሳል።

ልጁን ያሳመነው የራሱ ደመወዝ ነው። 9,000 ብር ይከፈለዋል። አሁን ባለው የሥራ ግብር ሰንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ነፃ ነው። እስከ 4,000 ያለው 15 ከመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 ከመቶ፣ ቀሪው 2,000 ደግሞ 25 ከመቶ፤ በድምሩ 1,400 ብር። ሙሉው በ25 ከመቶ ቢቆረጥ 2,250 ይሆንበት ነበር። "አሃ፣ ያ ለእኔ ሲጠቅም ነው እንግዲህ" አለ።

ግብሩ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ኮሚሽን ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ነው ግብር የሚቆረጥበት። 9,000 ደመወዝና 14,000 ኮሚሽን 23,000 ነው፤ ገቢው ሲያድግ የላይኛው ክፍል ከ25 ከመቶ በላይ ስለሚቆረጥበት ግብሩ 6,000 ብር ይሆናል፤ ከደመወዙ ብቻ ከሚቆረጠው 1,400 በ4,600 ይበልጣል። ስለዚህ ከ14,000ው እጁ የሚገባው 9,400 ነው። የ7 ከመቶ ጡረታው በመነሻ ደመወዙ ላይ ስለሚሠራ 630 ብር እንዳለ ይቆያል። ይህን ለሴልሶች ቀድሞ አለመንገር ነውር ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ያልደረሰውን ብር ቀድሞ ያወጣል።

የዓመት መጨረሻ ቦነሱ ቀላል ነበር። አንድ ሙሉ ደመወዝ ለዓመቱ፣ 7 ወር ለሠራ ደግሞ 9,000 ለ12 ተካፍሎ በ7 ሲባዛ 5,250 ብር። በዱቤ የተሸጠ ዕቃ ኮሚሽኑ የሚታሰበው ገንዘቡ ሲሰበሰብ እንዲሆን ተስማምተናል።

አሁን ፔሮል ከመዝጋቴ በፊት ለእያንዳንዱ ሴልስ ስሌቱን በግማሽ ገጽ ጽፌ እሰጣለሁ። ባለፈው ወር አንዷ፣ 400,000ውን ካለፈች በኋላ የሸጠችበትን የ11,500 ብር ደረሰኝ እንደዘለልኩባት በእርሳስ አክብባ መለሰችልኝ። ለ1.15 ሲካፈል 10,000፣ በ3 ከመቶ 300 ብር። ጨምሬላት ፔሮሉን ዘጋሁ።