“ማን ዋጥ አለው?”

ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። የሞተው ልጅ መጋዘን ነበር የሚሠራው። እዚህ ኮሎምበስ ኦሃዮ ከእኛ ሰው ስንቱ በመጋዘን ሥራ እንደሚያድር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከዓመታት በፊት ሥራ ላይ ወገቡን ተጎዳ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ኦክሲኮዶን የሚባል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘለት። ማዘዣው አንድ ቀን ቆመ። ሕመሙም ሱሱም ግን አልቆሙም። በመጨረሻ መንገድ ላይ የገዛው ኪኒን ፈንታኒል ነበረበት፤ ከኦክሲኮዶን እጅግ የበረታ ገዳይ ነገር። እናቱ ለመጣው ሰው ሁሉ “ልቡን ነው” ይላሉ። ማንም ደግሞ አልጠየቃቸውም፤ ሁሉም ያውቃል።

ቡና ሲቀርብ አንድ ጋሼ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። “አንቺ መድኃኒት ቤት አይደል የምትሠሪው ልጄ? እንዴት ነው ይሄ ነገር? ማን ዋጥ አለው?” ከጎናቸው የነበሩት ሴትዮ ተቀበሏቸው፦ “በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ…” ክፋት አልነበረባቸውም፤ ሐዘን ነው ያናገራቸው። ለቅሶ ቤት ክርክር አይገባምና ዝም አልኩ። መልሴን ግን እዚህ ልጻፈው።

ገደሉን የሚያውቅ ሰው እዚያው ቆሞ “ሜዳ ነው፣ አይዞህ ጋጥ” ብሎት ከሆነስ?

በዚህ አገር የሆነው እሱ ነው። (ዓመቶቹን በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የሚባለውን የኦክሲኮዶን ኪኒን በ1996 ገበያ ላይ አወጣ። ኦክሲኮዶን ራሱ የቆየ መድኃኒት ነው። አዲሱ ነገር ቀስ እያለ እየተለቀቀ 12 ሰዓት እንዲያገለግል መደረጉ ነበር። የመድኃኒቱ መግለጫ ላይም ቀስ ብሎ ወደ ሰውነት መግባቱ አላግባብ የመወሰዱን ዕድል “ይቀንሳል ተብሎ ይታመናል” የሚል ቃል እንዲገባ ተፈቀደ። ይታመናል! የሰው ሕይወት የሚያዝበት ወረቀት ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል? የፈቀደው ኤፍዲኤ ነው፤ ሕዝቡን እንዲጠብቅ የተቋቋመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ማመልከቻውን የመረመረው ሐኪም ኩርቲስ ራይት ከኤፍዲኤ ከወጣ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ፐርዱ ተቀጠረ። ያ ቃል ከመግለጫው የወጣው በ2001 ነው። እስከዚያ ስንት ሰው ዋጠ።

የኩባንያው የሽያጭ ሰዎች ደግሞ ሐኪም ለሐኪም ዞሩ። “ሱስ የሚይዘው ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም” ይሉ ነበር። በዚያን ጊዜ ለዚህ አባባል እየተደጋገመ የሚጠቀሰው በ1980 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ አጭር ደብዳቤ ነው። አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሆስፒታል ተኝተው እንዲህ ያለ መድኃኒት ከተሰጣቸው 11,882 ሰዎች መካከል ሱስ የታየባቸው 4 ናቸው ይላል። ሆስፒታል ተኝቶ ነርስ በሰዓቱ እየሰጠችው የሚወስድና የወር ኪኒን በጠርሙስ ይዞ ቤቱ የሚገባ ሰው አንድ አይደሉም። ይህን ለመለየት ፋርማሲ መማር አያስፈልግም። ገበያው ግን ደራ። በ1996 48 ሚሊዮን ዶላር የነበረው የኦክሲኮንቲን ሽያጭ በ2000 1.1 ቢሊዮን ገደማ ደረሰ።

በ2007 የፐርዱ እህት ኩባንያና ሦስት ከፍተኛ ኃላፊዎች ቨርጂኒያ ውስጥ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋተኝነታቸውን አመኑ። ክሱ መድኃኒቱ ከሌሎቹ ያነሰ ሱስ ያስይዛል እያሉ ማሳሳት ነበር። ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለ። እስር ቤት የገባ ሰው የለም። በ2020 ኩባንያው ለሁለተኛ ጊዜ ጥፋተኛ ነኝ አለ። አሁንም የታሰረ የለም። ኪሱ ውስጥ ጥቂት ኪኒን ይዞ የተገኘ የሠፈር ልጅ ግን ይታሰራል። እኔ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ስለዚህ ጥፋቱን ስመዝን የምጠይቀው ማን ያውቅ ነበር፣ ከመቼ ጀምሮ ነው። በዚህ ሚዛን ፐርዱን የሚቀድመው የለም።

ኪኒኑን ከፋብሪካ ወደ መድኃኒት ቤት የሚያደርሱት አከፋፋዮችም ቢሆኑ ቀላል አይደሉም። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ከርሚት የምትባል 400 ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ አለች። እዚያ ላለ አንድ መድኃኒት ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ 9 ሚሊዮን የሚጠጋ የሃይድሮኮዶን ኪኒን ተልኮለታል፤ እሱም የኦክሲኮዶን ዘመድ ነው። ኤሪክ አየር የተባለ የአካባቢው ጋዜጠኛ ነው ይህን ቆፍሮ ያወጣው፤ በ2017 ፑሊትዘር የተባለውን የጋዜጠኝነት ሽልማት አግኝቶበታል። ኪኒኑን የጫነው ሰው፣ ደረሰኙን የቆረጠው፣ ሒሳቡን የዘጋው፣ አንዳቸውም “ይህ ሁሉ ለማን ነው?” አላሉም? ሦስቱ ትልልቅ አከፋፋዮች ማኬሰን፣ ካርዲናል ሄልዝና አሜሪሶርስበርገን (ከ2023 ጀምሮ ስሙ ሴንኮራ ነው) ናቸው። የካርዲናል ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ደብሊን ነው፣ ከኮሎምበስ አፍንጫ ሥር። ክርክራቸው “እኛ የታዘዝነውን ነው ያመላለስነው” የሚል ነበር። በ2022 ከመድኃኒት አምራቹ ከጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ጋር ሆነው 26 ቢሊዮን ዶላር በዓመታት ውስጥ ለመክፈል የተስማሙበት ውል ጸደቀ፤ ጥፋት ፈጽመናል ግን አላሉም።

ስለ ሐኪሞቹ ብዙ አልልም። አብዛኞቹ የተነገራቸውን ያመኑ ናቸው። ሕመምን እንደ ደም ግፊትና እንደ ትኩሳት በየጊዜው እየለካችሁ አክሙ ተብለው ነበር። እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ ፖርትስማውዝ ላይ ጥሬ ገንዘብ እየተቀበሉ ማዘዣ ሲጽፉ የነበሩት ሌላ ናቸው። ከእነሱ አንዱ በ2012 አራት ጊዜ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል።

ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። የፌዴራሉ ደንብ ግልጽ ነው፦ ማዘዣው ትክክል እንዲሆን ኃላፊው ሐኪሙ ነው፤ መድኃኒቱን የሚሰጠው ፋርማሲስትም ተመጣጣኝ ኃላፊነት አለበት። ማለትም “ዶክተሩ ስላዘዘ ሰጠሁ” ማለት አይበቃም። ምልክቶቹን እናውቃቸዋለን። ከሩቅ ከተማ የመጣ ማዘዣ። በአንድ መኪና መጥተው አንድ ዓይነት ኪኒን የሚጠይቁ ሦስት ሰዎች። ኢንሹራንስ እያለው በጥሬ ገንዘብ ልክፈል የሚል። ኦክሲኮዶን፣ ዛናክስ የሚባለው የጭንቀት መድኃኒትና የጡንቻ ማፍታቻ በአንድ ላይ። ኦሃዮ ከ2006 ጀምሮ እነዚህ መድኃኒቶች ለማን፣ መቼ፣ ስንት እንደተሰጡ የሚያሳይ መዝገብ አላት፤ ኦአርስ እንለዋለን። መጠርጠርና ስልክ አንስቶ ሐኪሙን መጠየቅ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ ቦታ ያ ጊዜ የለም። መኪኖቹ በመስኮቱ ተሰልፈዋል፣ ስልኩ ይጮሃል፣ ስክሪኑ ደቂቃ ይቆጥራል። ይህን የምለው ሙያችንን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ደቂቃውን የሚቆጥረው ሰውም በጥፋቱ ድርሻ አለው ለማለት ነው።

በ2021 ክሊቭላንድ ላይ በፌዴራል ፍርድ ቤት የተቀመጠ የተራ ዜጎች የዳኝነት ሸንጎ (ጁሪ) ትልልቆቹ የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች ሲቪኤስ፣ ዎልግሪንስና ዎልማርት በኦሃዮ በሌክና በትረምበል አውራጃዎች ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ናቸው አለ። ዳኛው 650 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወሰነባቸው። በ2024 መጨረሻ የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግዛቱ ሕግ እንዲህ ያለውን ክስ አይፈቅድም አለ። ሕጉ ያለውን አከብራለሁ። ከሳሾቹ አውራጃዎች ግን በዚህ የሚከሱበት መንገድ ተዘጋባቸው።

እና ልጁስ? ድርሻ የለውም አልልም። ጎረምሳ ነበር፣ ራሱን የሚያዝ ሰው ነበር። ግን ምን ያውቅ ነበር? እኛ ዶክተር ያዘዘውን ቀን ሳናዛንፍ እንድንውጥ ተነግሮን ያደግን ሰዎች ነን። ከኪኒኑ ጋር የተሰጠው ወረቀት በደቃቅ እንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ሰውነት ከለመደው በኋላ ሲቀር የሚመጣውን አይቼዋለሁ፦ መንቀጥቀጥ፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ አጥንት ድረስ የሚሰማ ሕመም፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ማጣት። ያ ሰው ኪኒን ሲፈልግ ደስታ እየፈለገ አይደለም። በ2016 ሲዲሲ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሐኪሞች ይህን መድኃኒት እንዲቆጥቡ መመሪያ ሲያወጣ ብዙዎች ደንግጠው የቆየ ታካሚያቸውን በአንድ ጊዜ አቋረጡት። ሲዲሲ ራሱ በ2022 መመሪያውን አሻሽሎ ድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው አለ። በመሀል መንገድ ላይ ከተጣሉት ሰዎች አንዳንዶቹ ወደ ሄሮይን፣ ከዚያም ወደ ፈንታኒል ሄዱ። ያን ጊዜ “ሱሰኛ” የሚለው ስም የተለጠፈው በእነሱ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ከልቤ የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ነው። የፐርዱና የባለቤቶቹ የሳክለር ቤተሰብ የ2025 ስምምነት 7.4 ቢሊዮን ዶላር ነው። ፐርዱ ከስሬያለሁ ብሎ ፍርድ ቤት ባቀረበው ጉዳይ ጉዳት ደርሶብኛል የሚል ሰው የሚያመለክትበት የመጨረሻ ቀን ግን ጁላይ 30 ቀን 2020 ነበር፤ አልፏል። “ልቡን ነው” እያለ የቀበረ ቤተሰብ ያን ፎርም እንዴት ይሞላል? እናቶቹን አልወቅስም። እንዲደብቁ ያደረጋቸው የእኛ አፍ ነው።

ገና ያላለፈ ነገርም አለ። ኦሃዮ ከኩባንያዎቹ ከምታገኘው ገንዘብ 55 በመቶው ዋንኦሃዮ በሚባል ፋውንዴሽን በኩል ለሕክምናና ለመከላከል ሥራ እንዲውል ተወስኗል። ማኅበራትም ማመልከት ይችላሉ። እድራችን ለምን አያመለክትም? በአማርኛ የሚያማክር ሰው ይቀጠርበት። እንዲህ ያለ ኪኒን በዝቶበት ትንፋሹ የተቋረጠን ሰው የሚያነቃው ናሎክሶን ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ በአዳራሹና በየቤቱ ይቀመጥ፣ አጠቃቀሙን አስተምራለሁ። ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ እንዲያዝልኝ ጠይቄያለሁ። ማመልከቻውን የሚጽፍ ከጠፋ እኔ እጽፈዋለሁ።