በብድር ውል ውስጥ ያለች አንዲት አንቀጽ

ሰሞኑን ሐሳቤን ሁሉ የያዘው የድሃ አገሮች ዕዳ ነው። ይበልጥ የማስበው መንግሥትም ባንክም ሳይሆኑ ችግሩን በሌላ መንገድ ለመፍታት ስለሚነሡት ወጣት ማኅበራዊ ሥራ ፈጣሪዎች ነው። ተስፋ አደርግባቸዋለሁ፤ እሰጋላቸዋለሁም።

ዕዳ የገንዘብ ሚኒስትሮችና የአበዳሪዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ኖሯል። ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 መክፈል አቅቷት ከቦንድ ባለቤቶቿ ጋር ስምምነቱን የቋጨችው በ2024 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ጊዜ ውስጥ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ አራተኛን ይጨርሳል።

ከዚህ ክበብ ውጭ ያለ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ወደ ቦሊቪያ እመለሳለሁ። በ1987 ኮንሰርቬሽን ኢንተርናሽናል የተባለ፣ በዚያው ዓመት የተቋቋመ ድርጅት የ650 ሺህ ዶላር የቦሊቪያ ዕዳ በ100 ሺህ ዶላር ገዛ። አበዳሪው ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብሎ ስላላመነ በርካሽ ለቀቀው። ድርጅቱ ዕዳውን ተወ፤ ቦሊቪያም በምላሹ በቤኒ አካባቢ ያለውን ደን ለመጠበቅ ቃል ገባች። ገንዘቡ ከአንድ አገር ዕዳ አንጻር ኢምንት ነው። ቢሆንም በዕዳ ገበያ ውስጥ ለትርፍ ያልቆመ ሰውም ገዢ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል አሳየ።

በዚያው በር ግን ሌላም ይገባል። ዛምቢያ በ1979 ከሩማንያ የእርሻ መሣሪያ በዱቤ ወስዳ ነበር። በ1999 አንድ ለትርፍ የሚሠራ የኢንቨስትመንት ፈንድ ያንን ዕዳ ከ3 ሚሊዮን ዶላር ጥቂት በሚበልጥ ዋጋ ገዛና ቆይቶ 55 ሚሊዮን ይገባኛል ብሎ ዛምቢያን ለንደን ላይ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2007 ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ብሪታንያ በ2010 እንዲህ ያለውን ክስ የሚገድብ ሕግ ያወጣችው ዘመቻ አድራጊዎች አላስቆም አላስቀምጥ ስላሏት ነው።

ስለዚህ «ዕዳ በርካሽ ገዝተን እንሰርዛለን» የሚል ወጣት ሲያጋጥመኝ፣ ውሉን የባለዕዳው አገር ሕዝብ ያየዋል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። በሞዛምቢክ በ2013 እና በ2014 ያለ ምክር ቤት ፈቃድ በመንግሥት ዋስትና የተወሰደው ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር፣ አብዛኛው በ2016 ሲጋለጥ ለሕዝቡ ዕዳ ከሜዳ ነው የሆነበት። ዓላማው ያማረ ውልም ተደብቆ ከተፈረመ አላምነውም።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ድምፅ የሌለው ሥራ ነው። የካሪቢያን ደሴት አገር የሆነችው ግሬናዳ በ2015 ዕዳዋን ስታሸጋሽግ አውሎ ነፋስ ከመታት ክፍያው እንዲዘገይ የሚያደርግ አንቀጽ በውሉ ውስጥ አስገባች። ጁላይ 1 ቀን 2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ የግሬናዳን ካርያኩ ደሴት ሲመታ ጣሪያው ያልተገነጠለ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። መንግሥት ያኔ አበዳሪዎቹን ደጅ መጥናት አላስፈለገውም፤ አንቀጹን ጠቅሶ የቦንዱን ወለድ አዘገየ። ገንዘቡ ፍርስራሽ ለማንሣትና ቤት ለመጠገን በሚያስፈልግበት ሰዓት እጁ ላይ ቀረ።

ነፋስ የሚመታበት ቀን ይታወቃል፤ ድርቅ ግን ቀን የለውም፣ እያዘገመ ይመጣል። ለድርቅ እንዲህ ያለ አንቀጽ መጻፍ የሚከብደውም በዚህ ይመስለኛል። ሆኖም መለኪያ አልጠፋም። የአፍሪካ ኅብረት ተቋም የሆነው «የአፍሪካ የአደጋ ሥጋት አቅም» (ARC) ዝናቡን በሳተላይት እየለካ የመድን ካሳ ይከፍላል፤ ከ2014ቱ ድርቅ በኋላ ሴኔጋል፣ ሞሪታንያና ኒጀር በድምሩ ከ26 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝተዋል። ያንኑ የዝናብ መለኪያ ወደ ብድር ውል የሚያስገባ፣ አበዳሪውም ገበሬውም አይተው የሚያምኑበት አድርጎ የሚያዘጋጅ የወጣቶች ቡድን ቢኖር፣ ጊዜዬንም ጉልበቴንም ሳልሰስት እሰጠዋለሁ።