ፒንግ የሚያልፍበት፣ ፋይል የማያልፍበት መስመር

ኔትዎርክ መማር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። አድራሻ መከፋፈሉን፣ ቪላንና ትራንክ ማዋቀሩን ብዙም ሳልቸገር አልፌዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ግን ለመለማመጃ የያዝኳቸው ሁለት ያገለገሉ ስዊቾች (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኙ ዕቃዎች) ሦስት ምሽት አስመሹኝ።

ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር መብራት አረንጓዴ ነው፤ ፒንግም (መስመሩን የሚፈትሽ ትንሽ መልእክት) ያለ ችግር ይመለሳል። ትልቅ ፋይል ስቀዳ ግን መስመሩ ይንቀራፈፋል። ኬብሉን ሦስት ጊዜ ለወጥኩ፣ ሁለቱንም አጥፍቼ አበራሁ፣ ፖርትም ቀየርኩ፤ ፖርት የቀየርኩት ግን ጥፋት በሌለበት ስዊች ላይ ኖሯል።

በሦስተኛው ምሽት የፖርቶቹን ቆጣሪዎች ከፈትኩ። ፋይል በተላከ ቁጥር በአንዱ ስዊች ላይ የሲአርሲ ስህተት (ተበላሽቶ የደረሰ ፍሬም፣ ማለትም የመረጃ ጥቅል)፣ በሌላው ላይ ሌት ኮሊዥን (ዘግይቶ የታየ ግጭት) ይጨምራል። ለካ የመጀመሪያው ስዊች ፖርት ከቀድሞ ባለቤቱ ጀምሮ በእጅ 100 ሜጋቢት ፉል ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክም መቀበልም) ተደርጎ ኖሮ፣ የሌላው ግን አውቶ (ከማዶው ጋር ተደራድሮ ራሱ የሚመርጥበት) ላይ ነበር። በእጅ የተቆለፈው ወገን ስለማይደራደር፣ አውቶው ፍጥነቱን ከሲግናሉ ቢለይም ዱፕሌክሱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ በደንቡ መሠረት ሃፍ (በተራ ብቻ መላክ ወይም መቀበል) ላይ ይቀመጣል። ፉሉ በፈለገው ሰዓት ይልካል፤ ሃፉ እየላከ ሳለ ሲደርስበት ግጭት ነው ብሎ የራሱን ፍሬም ያቋርጣል፤ ያ ቁራጭ ነው ከማዶ ሲአርሲ ሆኖ የሚቆጠረው። ፒንግ ትንሽ ስለሆነና ተራ በተራ ስለሚሄድ ያመልጣል። ሁለቱንም ወደ አውቶ ስመልሳቸው ቆጣሪዎቹ ቆሙ።

ስዊቾቹ የአንድ አምራች የሲስኮ ዕቃዎች ቢሆኑ ሲዲፒ የተባለው የሲስኮ መተዋወቂያ ፕሮቶኮል የዱፕሌክሱን አለመጣጣም ራሱ ያሳውቀኝ ነበር። የእኔዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ የሚያግባባቸው የተለያዩ አምራቾች የሚጋሩት መተዋወቂያ፣ ኤልኤልዲፒ ነው፤ እሱም በአንደኛው ላይ ጠፍቶ ነበር። ካበራሁት በኋላ በየ30 ሰከንዱ ራሳቸውን እያስተዋወቁ፣ የትኛው ፖርት ከየትኛው ጋር እንደተገናኘና በምን ሁኔታ እንደሚሠራ ጭምር ያሳያሉ። አዲስ ስዊች ሲገጠም መጀመሪያ ሊበራ የሚገባው እሱ ይመስለኛል።

ዱፕሌክስን «ለአስተማማኝነት» በእጅ መቆለፍን ከእንግዲህ አልቀበልም። መቆለፍ ግድ ከሆነ ሁለቱም ወገኖች እኩል ይቆለፉ፤ በመዳብ ኬብል ላይ ያለ ጊጋቢት ግን ድርድሩን የግድ ይፈልገዋል።

እንዲህ እያልኩም ትናንት ሌላ ፖርት ሲያስቸግረኝ ቆጣሪውን ሳላይ እጄን የሰደድኩት ወደ ኬብሉ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የኬብሉ ሆኖ አረፈው።